ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት ተከራይታችሁ ከአከራይ ጋር ስትጣሉ፦ ዲሲ ላይ ከየት ይጀመራል?

ጥር ነበር፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ፔትወርዝ አካባቢ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ነበር የምኖረው። ቆሜ እጄን ስዘረጋ መዳፌ ሙሉ በሙሉ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ከአልጋዬ አጠገብ ያስቀመጥኳት ቴርሞሜትር 58 ፋራናይት ትላለች። ለአከራዬ ጻፍኩለት። «ጋሼ፣ ማሞቂያው ዛሬም አልሠራም፣ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አልኩት። መልሱ በድምፅ መጣ። «እኔ እንደ ልጄ ነው ያስጠጋሁህ፤ ካልተመቸህ ነገ መልቀቅ ትችላለህ»።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበት ምክንያት አንድ ነው። ቤዝመንቱ ፈቃድ እንደሌለው አውቅ ነበር። ፈቃድ የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ምን መብት አለው፣ ብናገር መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ ብዬ ደምድሜ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን ዛሬም በዚሁ ስህተት ብርድና ሻጋታ ችለው ስለሚኖሩ ነው ይህን የምጽፈው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤቱን ያለ ፈቃድ ማከራየት የአከራዩ ጥፋት ነው። የተከራይነት መብታችሁ በእሱ ጥፋት አይሰረዝም።

ጠበቃ አይደለሁም። ያለፍኩበትንና ሌሎችን ሳግዝ የተማርኩትን ነው በቅደም ተከተል የምነግራችሁ። የምናገረው ስለ ዲሲ ነው። ከዲሲ ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ ሕጉም ቢሮውም የተለየ ስለሆነ የካውንቲያችሁን ወይም የከተማችሁን ቢሮ ጠይቁ። ቤዝመንት እያልኩ ብጽፍም አቲክ (ጣሪያ ስር ያለ ክፍል) ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም ሳሎን በጂፕሰም ተከፍሎ በተሠራ ክፍል ውስጥ ላላችሁም መንገዱ ያው ነው።

አንደኛ፦ ከጠቡ በፊት መውጫችሁን እዩ

ኪራዩም ዲፖዚቱም (ስትገቡ ያስያዛችሁት ገንዘብ) ይቆይ። ዛሬ ማታ እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ?

በ2019 ኦገስት ውስጥ ኬኔዲ ስትሪት ላይ የተቃጠለውን ቤት የማያስታውስ ሀበሻ ዲሲ ውስጥ ጥቂት ነው። ቤቱ ያለ ፈቃድ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚከራይ ነበር። ውስጡ በብረት በርና በተቆለፉ ክፍሎች የተሞላ ስለነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሰዎቹ ጋ ለመድረስ ተቸገሩ። ሁለት ሰው ሞተ፤ አንዱ የ9 ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው። ከወራት በፊት አንድ ፖሊስ ቤቱን አይቶ አደገኛ ነው ብሎ ለከተማው አሳውቆ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ ሜትር አምጡና ለኩ። የምትተኙበት ክፍል ከበሩ ሌላ ሁለተኛ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጊዜ ያ መውጫ መስኮት ነው። ማንኛውም መስኮት ግን አይበቃም። ሲከፈት ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች መሆን አለበት። አጠቃላይ ክፍተቱ ደግሞ 5.7 ካሬ ጫማ መድረስ አለበት፤ ከመሬት ጋር እኩል ላለ መስኮት 5 ይበቃል። የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። ከውጭ ብረት ከተገጠመለት ብረቱ ያለ ቁልፍ ከውስጥ መከፈት አለበት። ጣሪያው በመደበኛው 7 ጫማ ነው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል መኖሩንና መሥራቱን ተጭናችሁ ሞክሩ።

አቲክ ላይ የምትኖሩ፣ ደረጃውን እዩ። በአንድ ጠባብ ደረጃ ብቻ የምትወጡና የምትወርዱ ከሆነ፣ ያ ደረጃ ደግሞ በኩሽና በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ እሳቱ ከኩሽና ቢነሳ መንገዳችሁ ተዘጋ ማለት ነው።

መውጫ ከሌላችሁ ሌላውን ደረጃ ሁሉ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ አምስተኛው ሂዱ። ደወል ከሌለ ዛሬውኑ ገዝታችሁ ስቀሉ፤ ደረሰኙን ያዙ፤ ማን መክፈል ነበረበት የሚለውን በኋላ ትነጋገራላችሁ።

ሁለተኛ፦ አከራዩ ምን ወረቀት እንዳለው አጣሩ

ዲሲ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው የኪራይ ንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንድ ክፍል ብቻ ቢያከራይም ያው ነው። ከተማው ስካውት የሚባል የሕንፃ መረጃ ድረ ገጽ አለው። አድራሻችሁን ስታስገቡ የቤቱን ፈቃዶችና የግንባታ ፐርሚቶች ያሳያችኋል። ነፃ ነው፤ ማንም ማን ፈለገ ብሎ አይጠይቃችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እዩ። ፈቃድ አለ ሲባል አትደሰቱ፤ የምን ፈቃድ ነው? ብዙ አከራዮች ያላቸው ለአንድ ቤተሰብ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ላይኛውን ቤት ለአንድ ቤተሰብ፣ የራሱ ኩሽናና መግቢያ ያለውን ቤዝመንት ደግሞ ለእናንተ ካከራየ ግን ቤቱ የሁለት ቤተሰብ ቤት ሆኗል። የሁለት ቤተሰብ ፈቃድና የመኖሪያ ምስክር ወረቀት (ቤቱ በዚያ መልክ ሊኖርበት እንደሚችል ከተማው የሚሰጠው ወረቀት) ይጠበቅበታል። የእኔ አከራይ የነበረው የአንድ ቤተሰብ ብቻ ነበር። ይህን ወረቀት ፕሪንት አድርጌ ፊቴ ሳስቀምጠው ነው ጉልበት የተሰማኝ።

ሌላው የኪራይ ቁጥጥር ነው፤ አከራይ ኪራይ ምን ያህል መጨመር እንደሚችል የሚገድበው ሕግ ማለት ነው። አራት ወይም ከዚያ በታች ቤት ያለው ትንሽ አከራይ ከኪራይ ቁጥጥር ነፃ ሊሆን ይችላል። ነፃ የሚሆነው ግን በራሱ አይደለም፤ ለከተማው የኪራይ ቢሮ ቅጽ ሞልቶ ማስመዝገብ አለበት። ቤዝመንቱን ከመንግሥት ደብቆ የሚያከራይ ሰው ይህን ቅጽ የት ይሞላል? ያላስመዘገበ ከሆነ በየጊዜው የጨመረባችሁ ኪራይ ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። የተከራዮች ጠበቃ የሚባለውን የከተማውን ቢሮ ስታናግሩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ካሽ መክፈል አቁሙ፣ ሁሉንም ነገር በጽሑፍ አድርጉ

የሀበሻ ኪራይ ትልቁ ችግር እዚህ ነው። ሊዝ የለም። በሰው በሰው ነው የተገባው። ኪራዩ በፖስታ ነው የሚሰጠው። ደረሰኝ መጠየቅ ደግሞ አለማመን ይመስላል፣ ነውር ነው። ከዚያ ጠብ ሲመጣ አከራዩ «ሦስት ወር አልከፈለም» ይላል። እናንተ የከፈላችሁበት አንድ ቁራጭ ወረቀት የላችሁም።

ከዚህ ወር ጀምሮ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክ ገንዘብ) ወይም በቼክ ክፈሉ፣ መግለጫው ላይም «የማርች ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። አከራዩ ካሽ ካልሆነ ካለ ከከፈላችሁ በኋላ ወዲያው ቴክስት ላኩለት፤ «ጋሼ፣ የማርች ኪራይ 1,250 ዶላር ዛሬ ጠዋት በእጅዎ ሰጥቻለሁ፣ አመሰግናለሁ»። «እሺ» ብሎ ከመለሰ ደረሰኝ አገኛችሁ። ያለፉትን ወራት ከባንክ ያወጣችሁበትን ስቴትመንት ሰብስቡ።

የጽሑፍ ሊዝ አለመኖሩ አያስፈራችሁ። የቃል ስምምነትም ውል ነው፤ ኪራይ እየከፈላችሁ እስከኖራችሁ ድረስ ተከራይ ናችሁ።

ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ቀረብ ብላችሁ ችግሩን አንሱ። ሻጋታ ከሆነ ሳንቲም ወይም ሜትር አጠገቡ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ብርድ ከሆነ ቴርሞሜትሩንና የስልካችሁን ሰዓት አንድ ላይ አንሱ። ዲሲ ውስጥ አከራይ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር ከሆነ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ማታ 5 ሰዓት ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ ሌሊት ቢያንስ 65 መሆን አለበት። የእኔ 58 ለዚህ ነው ዋጋ ያገኘው፤ ለአሥራ አንድ ቀን በየማታው አንስቼው ነበር። የአከራዩን የድምፅ መልእክቶችም አታጥፉ፣ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ።

አራተኛ፦ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ስጡ፣ ሽማግሌም ካለ አሁን ነው

በቃል መቶ ጊዜ ብትነግሩት አልተነገረውም። ቴክስት ወይም ኢሜይል ላኩ። አጭር ይሁን፤ ስድብ አይግባበት፤ ስለ ፈቃዱም እዚህ ላይ አታንሱ። እንዲህ በቂ ነው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጃንዋሪ 4 ጀምሮ ማሞቂያው አይሠራም፤ ትናንት ማታ ቤቱ 58 ፋራናይት ነበር። የመኝታ ቤቱ መስኮት በብረት ስለተዘጋ አይከፈትም። ሁለቱም እስከ ጃንዋሪ 18 እንዲሠሩልኝ እጠይቃለሁ። ሠራተኛ ሲመጣ ከአንድ ቀን በፊት ቢነግሩኝ በር እከፍታለሁ።»

ከተቻለ በእንግሊዝኛም አብራችሁ ላኩት፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ይጠቅማችኋል።

አሁን ስለ ሽማግሌ። በመካከላችሁ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የዕድር ሰው ካለና አከራዩ የሚያከብረው ከሆነ ሞክሩት። እኔ ሽምግልናን አልንቅም፤ ብዙ ቤት አስታርቋል። ግን ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። የተስማማችሁበት ነገር ወዲያው ይጻፍ፣ ቀንም ይኑረው፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሽማግሌው ደግሞ «አንተ ታናሽ ነህ፣ ተወው» ብሎ መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ ሊያስተኛችሁ አይችልም። በኪራይ ብዛት መሸማገል ይቻላል። በእሳት መውጫ ላይ ሽምግልና የለም።

አምስተኛ፦ ኢንስፔክተር ጥሩ

የሰጣችሁት ቀን ካለፈ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሉ። የመኖሪያ ቤት ቁጥጥር የሚሠራው የሕንፃዎች መምሪያው ነው። አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አታፍሩ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለው። አማርኛ ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» ብላችሁ ጠብቁ፣ መስመር ላይ ያመጡላችኋል። የጎረቤት ልጅ አምጥታችሁ አታስተርጉሙ።

ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ቤት ሁኑ። የጻፋችሁትን ዝርዝር ይዛችሁ ክፍል በክፍል አሳዩት፤ መስኮቱን ለመክፈት ሞክሩና ይይ። ስሙን ያዙ፣ የሪፖርቱን ኮፒ ጠይቁ። ይህ ወረቀት ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

አደጋውን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ክፍሉ ለሕይወት አደገኛ ሆኖ ከተገኘ ከተማው ሊያሽገው ይችላል፤ ያኔ በአጭር ጊዜ መውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት የተከራዮች ጠበቃ ቢሮውን አናግሩ። ቤታቸው በእሳት ወይም በከተማው ትእዛዝ ለተዘጋባቸው ተከራዮች የአስቸኳይ ጊዜ መጠለያ እርዳታ አለው፤ ሆቴልና የዕቃ ማስቀመጫን ይጨምራል። ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ መድኃኒት በአንድ ቦርሳ አዘጋጁ። መውጫ ከሌላችሁ ግን ይህ ስጋት እንዳያስቀራችሁ እለምናችኋለሁ።

ስድስተኛ፦ ኪራዩን ዝም ብላችሁ አታቁሙ

«ቤቱ ሕገወጥ ከሆነ ለምን እከፍላለሁ?» ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። መልሱ ሁለት ፊት አለው።

በ1968 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር፤ የሚገርመው በእሱም ውስጥ ቤዝመንት አለ። አከራዩ ሲያከራይ ሽንት ቤቱ መደፈኑን፣ የደረጃው መደገፊያ መሰበሩን፣ የቤዝመንቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ መሆኑን ያውቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ የቤቶች ደንብ ተጥሶ መሆኑን እያወቀ ያከራየበት ውል ዋጋ የለውም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በዲሲ የሚከራይ ቤት ሁሉ ለኑሮ ብቁ ሊሆን ይገባል፣ አከራዩ ይህን ካላሟላ የተከራዩ የኪራይ ግዴታም ሊቀንስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ዛሬ በመላው አሜሪካ የተለመደው የተከራይ መከላከያ ከእነዚህ የዲሲ ፍርዶች ብዙ ወስዷል።

ሁለተኛው ፊት ግን ይኼ ነው። ውሉ ዋጋ የለውም ማለት በነፃ ኖራችሁ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ክፍሉ በእውነት ስንት ያወጣ ነበር ብሎ አስልቶ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ክስ ከተጀመረ ደግሞ ኪራዩን በየወሩ ፍርድ ቤቱ ዘንድ እንድታስቀምጡ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ኪራዩን ለአከራዩ ሳትሰጡ ለመያዝ ከወሰናችሁ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ፣ ገንዘቡንም ሳትነኩት በተለየ ሂሳብ አስቀምጡ። አንድ ጓደኛዬ ያልከፈለውን ኪራይ ኢትዮጵያ ላከው። ዳኛዋ «ገንዘቡ የት አለ?» ስትለው የሚያሳየው ነገር አልነበረውም፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ሆኖ ሳለ ተሸንፎ ወጣ።

ሰባተኛ፦ «ውጣ» ሲላችሁ

አከራይ በራሱ እጅ ሊያስወጣችሁ አይችልም። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ወይም ውኃ መቁረጥ፣ ዕቃ በረንዳ ላይ ማውጣት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ዲሲ ውስጥ ተከራይን ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙን የሚያስፈጽሙትም ዩኤስ ማርሻሎች የሚባሉ የፌዴራል መኮንኖች ናቸው። ቁልፍ ተቀይሮ ካገኛችሁ ፖሊስ ጥሩ፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበት ደብዳቤ ወይም መታወቂያ አሳዩ። በነጋታው ፍርድ ቤት ሂዱ።

ሊዛችሁ ማለቁም ምክንያት አይሆንም። ኪራይ እስከከፈላችሁ ድረስ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ያስፈልገዋል። «እኔ ራሴ ልኖርበት ነው» ካለ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ግዴታው ነው። በቃል «በወር ውስጥ ልቀቅ» ማለት ምንም አይደለም።

ኢንስፔክተር ከጠራችሁ ወይም ጥገና በጽሑፍ ከጠየቃችሁ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ኪራይ ቢጨምርባችሁ ወይም ሊያስወጣችሁ ቢሞክር፣ ሕጉ እንደ በቀል ይቆጥረዋል። በቀል አለመሆኑን ማስረዳት የአከራዩ ሸክም ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከነቀኑ አድርጉ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣላችሁ ግን የቀጠሮው ቀን አይለፍ። ቤቱ ሕገወጥ ነው ብላችሁ ብትቀሩ በሌላችሁበት ሊፈረድባችሁ ይችላል።

ስምንተኛ፦ እናንተም መክሰስ ትችላላችሁ

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የዲሲ ሱፔሪየር ፍርድ ቤት ተከራዮች አከራያቸውን ለጥገና ብቻ የሚከሱበት የተለየ ችሎት አለው። ገንዘብ አትጠይቁበትም፤ የምትጠይቁት ቤቱ እንዲሠራ ነው። ጠበቃ የግድ አይደለም፤ ቅጹ ቀላል ነው፤ የመክፈል አቅም ከሌላችሁ ከክፍያ ነፃ እንድትሆኑ ማመልከት ትችላላችሁ። የአከራይና ተከራይ ችሎቱ 510 ፎርዝ ስትሪት ኖርዝዌስት፣ ቢልዲንግ ቢ ነው። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎችም አሉ። ሊጋል ኤይድና ብሬድ ፎር ዘ ሲቲ የኪራይ ጉዳይ ይይዛሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ ያቀርባል።

አከራዩ እናንተ ከሆናችሁ

ይህን የሚያነቡ ብዙ ሀበሻ አከራዮች እንዳሉ አውቃለሁ። ሞርጌጁ ከባድ ነው፣ ቤዝመንቱ ይደግፋል። ሕጋዊ ማድረግ ግን ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት ይቀላል። ከ2016 ጀምሮ በብዙ የመኖሪያ ዞኖች ባለቤቱ በአንዱ ክፍል እየኖረ ሌላውን ማከራየት ተፈቅዷል። በእነዚህ ዞኖች የሚከራየው ክፍል ከቤቱ ስፋት 35 ከመቶ መብለጥ የለበትም። መስኮት አስፍቶ ማስገባት ገንዘብ ያስወጣል። ከስር የሚተኛው ግን የሰው ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ሕፃን።

ስትወጡ፦ ዲፖዚታችሁ

ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ከወጣችሁ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ከዲፖዚቱ ሊቀንስ እንዳሰበ በጽሑፍ ያሳውቃችኋል። ዝም ካለ እስከ 10,000 ዶላር ያሉ ክሶችን የሚያይ የትንንሽ ክሶች ችሎት አለ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቤቱን አጽድታችሁ ከበሩ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ቪዲዮ ቅረጹ፤ ምድጃውን ክፈቱ፣ ፍሪጁን ክፈቱ፣ ሻወሩን አሳዩ። ቁልፉን ስታስረክቡ ፎቶ አንሱ። አዲሱን አድራሻችሁን በቴክስት ላኩለት። እኔ አድራሻዬን በቃል ብቻ ነበር የነገርኩት። አከራዬ «የት እንደሄደ አላውቅም» ብሎ ቼኩን ሁለት ወር ያዘው። ቴክስቱን በላክሁ በአራተኛው ቀን ቼኩ ደረሰኝ።